ውሃውን በየትኛው ግሥ እናውጣው?

በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ጨዋታ መካከል ሳይጠራ የሚመጣ፣ መጥቶም ቶሎ የማይሄድ አንድ ክርክር አለ፤ «አማርኛ ለቅኔና ለተረት እንጂ ለማሽን አይሆንም» የሚል። ክርክሩን የሚያነሡት ሰዎች ቋንቋውን የሚንቁ አይደሉም። እንዲያውም አብዛኞቹ አጥብቀው የሚወዱት ናቸው፤ እንደ ጌጥ ዕቃ ስለሚወዱት ከኩሽናና ከጋራዥ ሊያርቁት ይፈልጋሉ። እኔ የዚህ ሐሳብ ተቃዋሚ ነኝ። ይሁን እንጂ ተቃውሞዬን እንደ ተለመደው «ለኮምፒውተር፣ ለፓምፕ፣ ለራዲያተር አማርኛ ስም እናውጣ» በማለት አልጀምረውም። ስሙ አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ግሡ ነው።

ስም እንግዳ ነው። ይመጣል፣ ወንበር ይሰጠዋል፣ ውሎ አድሮም የቤት ሰው ይሆናል። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎንና ጎሚስታ ከጣሊያንኛ መጡ፤ ዛሬ በጋራዥ የሚውል ልጅ የባዕድ ቃል ተናገርሁ ብሎ አያስብም። «ብሎኑን ፍታው፣ አላላው፣ አጥብቀው» ሲል ብሎኑ የተውሶ ነው፤ መፍታቱ፣ ማላላቱና ማጥበቁ ግን የእናቱ ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ ቆሞ የሚሄደው በግሡ ነውና አንድ ስም መዋስ አያናጋውም።

ሌላው ነገር ግን ያሳስበኛል። እኔ በባንክ መስኮት ተቀምጬ የምውል ሰው ነኝ። ከጠዋት እስከ ማታ የምሰማው «ትራንስፈር አድርግልኝ»፣ «ዲፖዚት ላድርግ»፣ «ባላንሴን ቼክ አድርግልኝ» ነው። ማስተላለፍ፣ ማስገባትና ማየት የሚባሉት ግሦች ከመስኮቱ ወዲያ ቆመው ተራ ይጠብቃሉ፤ ተራቸው ግን አይደርስም። የሁሉንም ሥራ «አደረገ» ብቻውን ይሠራዋል። እርግጥ በሩን የከፈትነው እኛው ነን። ዝም አለ፣ ቁጭ አለ፣ ከፍ አደረገ እያሉ ረዳት ግሥ አስከትሎ መናገር የአማርኛ የራሱ ጠባይ ነው፤ እንግዳው ግሥም የገባው በዚሁ በር ነው። በበሩ መግባቱን አልቃወምም። ገብቶ የባለቤቶቹን አልጋ መያዙን ነው የምቃወመው።

ይህን ስል «የስሜት ነገር ነው» የሚሉኝ አሉ። እስቲ ስሜት ብቻ እንዳልሆነ በአንድ ሥራ ላሳይ። ሥራው ከግጥም እጅግ የራቀ ይመስላል፦ በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተርን ውሃውን አውጥቶ ወደ ሌላ ቀፎ ማዛወር።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ኮምፒውተር በሠራ ቁጥር ይግላል። አብዛኞቹ በማራገቢያ ይበርዳሉ፤ ከባድ ሥራ ለሚበዛባቸው ግን አንዳንድ ሰዎች ውሃ ያዞሩባቸዋል። ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራው አይቢኤም ሲስተም 360 ሞዴል 91 የሚቀዘቅዘው በውሃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ክሬይ-2 ደግሞ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ይሠራ ነበር። በቤት ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ነገሩ ከመኪና ብዙ አይለይም። በፕሮሰሰሩ ላይ ውስጡ መተላለፊያ ያለው የመዳብ ቁራጭ ይታሰራል፤ በዚያ ውስጥ ውሃ ያልፋል፤ ሙቀቱን ተሸክሞ በቱቦ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፤ ማራገቢያ ይነፍስበታል፤ ከዚያ ወደ ታንከሩ ይመለሳል፤ ፓምፑም እንደ ገና ይገፋዋል።

ለምን ውሃ ቢሉ፣ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ የሚሸከመውን ሙቀት አየር ልሸከም ቢል በባሕር ጠለል እንኳ ወደ 3,500 ሊትር ገደማ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ አየሯ ስስ ነው፤ ክብደቱ በባሕር ጠለል ካለው አየር ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ስለዚህ በእኛ ከተማ ማራገቢያ ብዙ ዞሮ ጥቂት ይሸከማል። ራዲያተሩም የሚበርደው በዚሁ ስስ አየር ስለሆነ ውሃው ተአምር አይሠራም። የሚሠራው ሥራ ሙቀቱን ከአንዲት ጠባብ ቦታ አንሥቶ በሰፊው ራዲያተር ላይ ማስጣት ነው። ማስጣት! እህል በሰሌን ላይ እንደሚሰጣ። ይህን ቃል ፍለጋ መዝገበ ቃላት አልገለጥሁም፤ ነገሩን ያየ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የሚለው ነው።

ታናሽ ወንድሜ የሕንፃ ንድፎችን ወደ ሥዕል እየለወጠ ይተዳደራል። አንዱ ሥዕል ተሠርቶ እስኪያልቅ ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲግል ያድራል። የቀድሞው ቀፎ ሁለተኛ ራዲያተር የማያስገባ ጠባብ ነበርና ሰፋ ያለ ገዛ። (ቀፎ የምለው «ኬዝ» የሚባለውን ነው። የስልኩን አካል ከንብ ተውሰን ቀፎ ካልነው ዘንድ የኮምፒውተሩን ምን ይከለክለናል?) ባለፈው ክረምት በአንድ እሑድ የሳሎኑን ወለል በአሮጌ ፎጣ ሸፍነን ሥራውን ጀመርን። እሱ ሠሪ፣ እኔ ያዥ ሆንሁ፤ እናታችን ከወዲያ ምስር ትለቅማለች። በዚያ ቀፎ ውስጥ ያለው የሥዕል ካርድ ብቻውን የብዙ ወራት ደመወዜን ይበልጣል፤ የሚቀመጠውም ከላይኛው ራዲያተር ግርጌ ነው። እንጀራው በውሃ ሥር ተቀምጧል ማለት ይቻላል።

ኤሌክትሪኩ ተነቀለ። ውሃው እስኪበርድ ተጠበቀ። ከሥርዓቱ ሁሉ ዝቅ ብላ የተገጠመችው ትንሽ ቧንቧ ላይ ቱቦ ተሰክቶ ወደ ሳፋ ወረደ። ወንድሜ ቧንቧዋን ሲከፍታት ጠብ ጠብ አለችና ቆመች። «ድሬይን አያደርግም» አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከላይ አየር የሚገባበት የለም። ጀሪካን አዘንብሎ ያጠጣ፣ የዘይት ቆርቆሮ ማዶ ለማዶ ሁለት ቦታ በስቶ ያንቆረቆረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የታንከሩ ክዳን ሲላላ ውሃው መንቆርቆር ጀመረ፤ ቀጥሎ ፈሰሰ፤ ቀጥሎ እየቀጠነ ሄዶ ተቋረጠ። ታንከሩም ባዶ ሆኖ ታየ።

«ድሬይን ሆኗል» አለ ወንድሜ፤ እጁንም ወደ ላይኛው ቱቦ ማሰሪያ ሰደደ።

«ገና ነው» አለች እናታችን፣ ዓይኗን ከምስሩ ሳታነሣ። «ፈሰሰ እንጂ መች ተንጠፈጠፈ? አንጠፍጥፉት እንጂ ልጆቼ!»

ክርክሬ ሁሉ ያለው በዚህች ንግግር ውስጥ ነው። ማፍሰስ ውሃው እንዲሄድ መንገድ መስጠት ነው። ማንጠፍጠፍ ግን ዕቃውን ደፍቶ፣ አዘንብሎ፣ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ መታገሥ ነው። እናታችን ልዩነቱን የተማረችው ከእንስራ ነው፤ በኋላም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የመጨረሻዋን ብርጭቆ በጉያው ከሚደብቀው ጀሪካን ነው። ራዲያተርም እንዲሁ ደባቂ ነው። ውስጡ በብዙ ቀጫጭን መተላለፊያ የተከፈለ ስለሆነ ታንከሩ ባዶ ሆኖ እያለ እሱ ውሃውን አቅፎ ይቀራል። ቀፎውን ወደ ግራ አዘነበልነው፣ ወደ ቀኝ አዘነበልነው፣ በመጨረሻም አናቱን ወደ ታች ደፋነው። ግማሽ ብርጭቆ ያህል ሐምራዊ ውሃ ወረደ። ይህ ግማሽ ብርጭቆ ቱቦው ቀድሞ ቢፈታ ኖሮ የሚወርደው በካርዱ ላይ ነበር።

የእንግሊዝኛው ቃል ጥፋት የለበትም። በገዛ ቋንቋው ውስጥ ጎረቤቶችና ዘመዶች አሉት፤ ከነሱ ጋር ሥራ ተከፋፍሎ ይኖራል። እኛ ስንዋሰው ግን ብቻውን ነው የምናመጣው። ብቻውን መጥቶ የማንጠባጠብን፣ የማንቆርቆርን፣ የማፍሰስን፣ የመድፋትን፣ የማንጠፍጠፍንና የማሟጠጥን ቦታ በአንድ ጊዜ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ሥራው «ሆኗል» ወይም «አልሆነም» ብቻ ይባላል። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ግማሽ ብርጭቆ ስም አይኖረውም፤ ስም የሌለውን ነገር ደግሞ ዓይን ያልፈዋል።

ቀጥሎ ያለው ጽዳት ነው። በታንከሩ ግርጌ ቀለሙ የተለየ ዝቃጭ ነበር፤ አተላ ብንለው የተሻለ ነው። እዚህም «ክሊን ማድረግ» የሚባለው ሦስት የተለያየ ሥራ ነው። ማጠብ አለ፤ መፈተግ አለ፤ ማለቅለቅ አለ። የጠላ ጋን በግራዋ ይፈተጋል፤ የመዳቡ ቁራጭ ግን ውስጡ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የቀጠነ ስለሆነ የሚችለው ማለቅለቅን ብቻ ነው። ንጹሕ ውሃ ማስገባት፣ መነቅነቅ፣ መድፋት፤ የሚደፋው ውሃ ጥርት እስኪል መደጋገም። የሚለቀለቅበትም ውሃ የቧንቧ ውሃ አይደለም፤ እንደ አረቄ ተንኖ፣ ቀዝቅዞ የተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። በሥርዓቱ ውስጥ መዳብና አሉሚኒየም አብረው ከገቡም ውሃው መካከላቸው አስታራቂ ሳይሆን አጣይ ይሆናል፤ አሉሚኒየሙ ይበላል። ዝገት በላው፣ ብል በላው እንደምንለው ነው፤ እዚህም ከ«ተበላ» የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

ስለ ዋናው ሥራ ስም ደግሞ ትንሽ ልቆይ። ወንድሜ «ሙቭ እናድርገው» ይላል። እኔ በመጀመሪያ «ማዛወር» አልሁ፤ ትክክል ነው፤ ግን የቢሮ ቃል ነው፣ ወረቀት ወረቀት ይሸታል። ለዚህ ሥራ የተፈጠረ የሚመስለኝ ግሥ መገልበጥ ነው። ጤፍ ከጆንያ ወደ ጎታ ይገለበጣል። ጠላ ከጋን ወደ እንስራ ይገለበጣል። የአንዱ መጽሐፍ ቃል ወደ ሌላ ብራና ይገለበጣል፤ ተማሪ ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል፤ ዛሬም ፋይል ከኮምፒውተር ወደ ፍላሽ ይገለበጣል። አሸዋ የሚያራግፈው መኪና ገልባጭ ነው። መንግሥትም ይገለበጣል! ያንኑ ነገር አንሥቶ በሌላ ዕቃ ማኖር፣ ሲያኖሩም የላዩን ታች ማድረግ፤ የኮምፒውተሩ ሥራ በትክክል ይህ ነው። ያው ፓምፕ፣ ያው ታንከር፣ ያው መዳብ ነው፤ ነገር ግን በአዲሱ ቀፎ ውስጥ ከላይ የነበረው ወደ ጎን ዞሯል፣ ቱቦዎቹ አጥረዋል፣ መንገዱ ተለውጧል። ስለዚህ ቱቦው በአዲስ ልክ ተለክቶ፣ ጫፉ ሳይንጋደድ ይቆረጣል። መገልበጥ ማስተካከልን ይጠይቃል፤ መጽሐፍ የገለበጡ ሁሉ ይመሰክራሉ።

ውሃው ሲሞላ ደግሞ ጆሮ ያስፈልጋል። የብዙዎቹ ፓምፖች ማለስለሻ የሚያልፍባቸው ውሃ ራሱ ነውና ደርቀው መዞር የለባቸውም። ስለዚህ ታንከሩ ይሞላል፤ ከማዘርቦርዱና ከካርዱ ጋር ያለው መስመር ሁሉ ተነቅሎ ፓምፑ ብቻ ለጥቂት ሰከንድ ይነሣል፤ ውሃው ሲጎድል ይጠፋል፤ ይጨመራል፤ ይደገማል። ፓምፑ አየር ሲውጥ ያጉረመርማል። ቀፎው ሲነቀነቅና ሲዘነብል ከራዲያተሩ የወጣው አረፋ በታንከሩ ውስጥ ይንተከተካል። አየሩ ሲያልቅ ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጆሮ ካልጠጋ በቀር አይሰማም። ወንድሜ ይህን ሁሉ የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ በአፉ ግን «ኤር አለው»፣ «ኤር የለውም» ብቻ ነበር የሚለው።

የመጨረሻው ፈተና መፍሰስ አለመፍሰሱን ማየት ነው። በየመገጣጠሚያው ሥር ለስላሳ ወረቀት ተነጥፎ ፓምፑ ብቻውን እየሠራ ይታደራል፤ ጥንቁቆቹ 24 ሰዓት ይጠብቃሉ፣ እኛም ጠበቅን። «ሊክ ያደርጋል» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ ጭራሽ አይረዳም። መገጣጠሚያ ሲያፈስ ቱቦው ከነጭራሹ አልገባም ማለት ነው። ሲያንጠባጥብ ላልቷል፤ በእጅ ይጠበቃል። ሲያዥ ግን፣ ማለትም ጠብታ ሳይታይ ወረቀቱ ብቻ ሲረጥብ፣ የጎማ ቀለበቱ ተጣሟል ወይም አንዲት ፀጉር ገብታበታለች፤ ያን ጊዜ ማጥበቅ ቀለበቱን ያበላሸዋል፤ ፈትቶ ማየት ነው። ሦስት በሽታ፣ ሦስት መድኃኒት፣ ሦስት ግሥ። ነገሩን ከነሕክምናው አሳጥሮ የያዘ ቋንቋ እያለን በአንድ ባዕድ ቃል ልንሸፍነው ለምን እንቸኩላለን? (በነገራችን ላይ፣ በሌላው ሥራ «ጠብ አይልም» ከተባልን አዝነን እንመለሳለን። በዚህ ሥራ ብቻ «ጠብ አላለም» የምሥራች ነው።)

ወንድሜ ግን የሚከራከርበት አለው፤ ክርክሩንም ላልፈው አልችልም። «እኔ ይህን ሁሉ የተማርሁት በእንግሊዝኛ ነው» ይላል፤ «በአማርኛ የጻፈልኝ ማን አለና?» እውነቱን ነው። ጥፋቱ ከሱ ይልቅ ብዕር ያዝን ከምንለው ዘንድ ይመስለኛል። በግጥሞቻችን ውስጥ ውሃ ሞልቷል፤ ውሃው ግን እንባ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ዓባይ ነው። ጀሪካን ብዙ አይገባበትም፤ ፓምፕማ ከቶ! «ቅኔ አይሆንም» ብለን ከደጅ የመለስነው ነገር ሁሉ ሌላ ቋንቋ ቤት ሄዶ አደረ፤ በዚያው ቋንቋም መናገር ጀመረ።

ደግሞም ግሥ ያለ ሥራ አይኖርም። እንስራ ከቤታችን ወጥቷል፤ ጋን ለድግስ ካልሆነ አይታይም፤ ውሃ የሚቀዳው እጀታ በመጠምዘዝ ነው። ዕቃው ሲወጣ ግሡ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀራል፤ ጥቂት ዓመት በአሮጊቶች አፍ ቆይቶ ይጠፋል። «እናድነው» ብሎ በመዝገበ ቃላት ማስቀመጥ መልካም ነው፣ አልነቅፍም፤ ነገር ግን እንደ ሙዚየም ዕቃ ነው። እኔ የምለው አዲስ ሥራ እንስጠው ነው። ማንጠፍጠፍ ከእንስራ ወደ ራዲያተር ሲሻገር አልተጨነቀም፣ ደመወዝም አልጠየቀም፤ በዚያ እሑድ ሥራውን የጀመረው ገና ሳይነገረው ነው። ያነሰን ቃል አይደለም፤ ምስር እየለቀመ የሚያየን ሰው ነው።

ከአሮጌው ቀፎ የወጣው ሐምራዊ ፈሳሽ አንድ ሊትር ሳይሞላ በፕላስቲክ ጠርሙስ ገባ። በውስጡ ኤቲሊን ግላይኮል የሚባል ነገር አለበት፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፣ መርዝ ነው፤ ልጅንም ውሻንም ይገድላል፤ በጓሮም ሆነ በቦይ አይደፋም። ወንድሜ በጠርሙሱ ላይ በእንግሊዝኛ ሊጽፍበት ሲል ብዕሩን ተቀብዬ «መርዝ ነው። አይጠጣም፤ አይደፋም» ብዬ በትልልቁ ጻፍሁበት። የስድስት ዓመቷ የእህታችን ልጅ መጥታ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠራች አነበበችውና ቀና ብላ «ታዲያ ምን ሊደረግ ነው?» ብላ ጠየቀች። ወንድሜ የመኪና ራዲያተር ውሃ የሚያጠራቅም ጋራዥ እያፈላለገ ነው። እስኪያገኝ ጠርሙሱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።